የግሪፊዝ ስታዲየም ቁራጭ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ታክሱን ደምሩ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። በዲሲ ዙሪያ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚደረጉትን የካርድ ሾዎች (የስፖርት ካርድና የድሮ ትኬት የሚሸጥባቸውን) የምታዘወትሩ ሻጩን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ባታውቁትም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ተራ ካርድ ይደረድርና "ዋናውን" ከስር በጫማ ካርቶን ይደብቃል። "ይሄን ለሁሉም ሰው አላሳይም" ይላል። ለሁሉም ያሳያል።

ዛሬ ያወጣው የድሮዎቹን የዋሽንግተን ሴናተርስ፣ የቤዝቦል ቡድኑን፣ የትኬት ቁራጭ ነው። የታሸገበት ላስቲክ ላይ ነጭ ስቲከር ተለጥፎ በእስክሪብቶ "4/17/53፣ ማንትል፣ 565 ጫማ" ተብሎበታል። ዋጋው 400 ዶላር። ከፍዬ ገዛሁት።

ነገሩ ለማያውቅ፦ በፈረንጅ 1953 ኤፕሪል 17 የኒውዮርክ ያንኪሱ ተጫዋች ሚኪ ማንትል፣ ቻክ ስቶብስ የወረወረለትን ኳስ መትቶ ከግሪፊዝ ስታዲየም ውጭ አሳረፈው። ርቀቱም 565 ጫማ ነው ተባለ። ስታዲየሙ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ቦታ ላይ ነበር፤ ከእኛ ሬስቶራንቶች በእግር የሚደረስ። የዚያን ቀን የገባው ተመልካች 4,206 ብቻ ስለሆነ የጨዋታው ቁራጭ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስቲከር የሚለጠፈውም ለዚሁ ነው።

ትኬቱ ላይ ቀን አልታተመም። ይሄ ብቻውን አያስጠረጥርም፤ የዚያ ዘመን ብዙ ትኬት የጨዋታ ቁጥር ብቻ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ቀኑን የምታገኙት ቁጥሩን ቡድኑ በዓመቱ በራሱ ሜዳ ካደረጋቸው ጨዋታዎች ጋር በማመሳከር ነው። ግን ፕሮግራሙን ብቻ ይዛችሁ አትቁጠሩ። ቁራጩ ላይ "ሬይን ቼክ" የሚለው የታተመው በምክንያት ነው፤ ዝናብ ጨዋታውን አምስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሳይሞላ ካቋረጠው ባለ ቁራጩ ሌላ ቀን ይገባበታል። እዚያው 1953 ላይ የሴናተርስ መክፈቻ ለኤፕሪል 13 ተቀጥሮ ዘነበና ወደ 16 ተዛወረ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም የመጀመሪያውን ኳስ የወረወሩት 16 ላይ ነው። የታተመው ሌላ፣ የተጫወቱት ሌላ። የዘመኑን ጋዜጣ ውጤት ካላያችሁ ትሳሳታላችሁ።

ጉዱ ያለው ግን ዋጋው ላይ ነው። በደቃቅ ፊደል ሦስት መስመር አለ፦ የመነሻ ዋጋ 1.36፣ የፌዴራል ታክስ .14፣ ድምር 1.50። ማንም አያነበውም፤ ከትኬቱ ሁሉ የማይዋሸው ግን እሱ ነው። የመዝናኛ መግቢያ ታክስ በ1917 በ10 በመቶ ተጀመረ፣ ከኤፕሪል 1944 ጀምሮ 20 በመቶ ሆነ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1954 ወደ 10 ተመለሰ፣ 1965 ሲያልቅ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ስለዚህ በ1953 የአንድ ተኩል ዶላር ትኬት 1.25 እና .25 ተብሎ ነው የሚታተመው። የ1.36 አስር በመቶ በሳንቲም ሲጠጋጋ .14 ነው። ይሄ ቁራጭ ወይ ከ1944 በፊት ነው ወይ ከ1954 በኋላ።

የትኛው እንደሆነ የነገረን ወረቀቱ ነው። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። በዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚገባው ዓይነት ማንጫ ኬሚካል ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው ወደ 1950 ገደማ ስለሆነ፣ የጦርነቱ ዘመን ወረቀት እንዲህ አያበራም። ሴናተርስ ደግሞ ግሪፊዝ ላይ የተጫወቱት እስከ 1961 ነው። እንግዲህ ቁራጩ ከ1954 እስከ 1961 ባለው ጊዜ የተሸጠ፣ እውነተኛ፣ ተራ የግሪፊዝ ትኬት ነው፤ የ400 ዶላርን ሩብ አያወጣም።

ሂሳቡ እዚያው ጠረጴዛው ላይ በወረቀት ተሠርቶ ሲቀርብለት ሰውየው ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። ላስቲኩን ተቀበለ። በአውራ ጣቱ ጥፍር የስቲከሩን ጠርዝ ቀስ ብሎ አነሳ፣ ላጠው፣ በሁለት ጣቱ ጠቅልሎ ባዶ የቡና ኩባያው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ትኬቱን መለሰልኝና "የሸጥኩልህ የግሪፊዝ ቁራጭ ነው፤ ደረሰኝህን አንብበው" አለ። ደረሰኙ "የሴናተርስ ቁራጭ፣ 1፣ ተመላሽ የለውም" ይላል። ቀን የለ፣ ማንትል የለ። አጠገቡ የሚረዳው ልጅ "ሰውየው ሂሳብ ይወዳል" ብሎ ሳቀ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ቀጣዩን ደንበኛ "ምን ልርዳህ?" አለ። ክፍት ካርቶኑ ውስጥ በዚያው እጅ ጽሁፍ "4/17/53" የተባለ ሌላ ላስቲክ ተቀምጧል።

እንግዲህ በአጭሩ፦ ስቲከሩንና ትኬቱን አንድ ላይ ፎቶ አንሱ። የጨዋታውን ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ በሉ፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። የወንበርና የረድፍ ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር እዩ፤ በማተሚያ የተመታ ቁጥር ወረቀቱን ጎድጎድ ያደርገዋል፣ በፕሪንተር የተባዛ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ከ1963 በፊት ነው በተባለ ትኬት ላይ ዚፕ ኮድ (በ1963 የተጀመረውን የፖስታ አድራሻ ቁጥር) ካያችሁ አትከራከሩ፣ ጥላችሁ ሂዱ። በፒኤስኤ (ካርድና ትኬት መርምሮ በሚያሽግ ድርጅት) የታሸገ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ገንዘብ ሳትከፍሉ ድረ ገጹ ላይ አስገቡና የተመዘገበው ጨዋታው ከነቀኑ ነው ወይስ የቡድኑ ስም ብቻ የሚለውን አረጋግጡ።