የባላንጣው ዓላማ፦ ቀድሞ ይገለጥ ወይስ ይደበቅ?

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም መሪው ታሪኩንና ባላንጣውን አዘጋጅቶ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያትን ሆነው የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ለሚመራ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ለምሳሌ ባላንጣው ጠንቋይ ከተማዋን ማቃጠል የፈለገው ለምን እንደሆነ ተጫዋቾቹ መቼ ይወቁ?

ዝግጅት፦
ቀድሞ ሲገለጥ፦ ቀላል ነው፤ አንድ የተጠለፈ ደብዳቤ ይበቃል።
ሲደበቅ፦ አድካሚ ነው። ለአንዱ ምስጢር ቢያንስ ሦስት ፍንጭ በትኑ፤ አንዱን አያዩትም፣ ሌላውን ገልብጠው ይረዱታል።

አደጋ፦
ቀድሞ ሲገለጥ፦ ተጫዋቾቹ ሊያዝኑለት፣ አልፎ ተርፎም ከእሱ ጋር ሊያብሩ ይችላሉ። ለእኔ ይህ ጉዳት አይደለም፤ የሞቱ ልጆቹን ለማስነሳት የሚታገል አባት ላይ ሰይፍ መምዘዝ ሲከብዳቸው ጨዋታው ገና መጣፈጡ ነው።
ሲደበቅ፦ አስማት ምስጢሩን ያወጣዋል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። በጨዋታው ደንብ 5ኛ እትም ሙታንን የሚያናግረው አስማት 5 ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ሬሳው ግን ጠያቂው ጠላቱ ከሆነ እውነት የመናገር ግዴታ የለበትም። «የእውነት ቀጠና» የሚባለው አስማትም አውቆ መዋሸትን እንጂ ዝምታን አይከለክልም። የተታለለ ባላንጣማ በቅንነት ስህተቱን ይናገራል! ትልቁ ስጋት ሌላ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ በሦስተኛው ዙር ውጊያ ይገድሉትና የደከማችሁበት ታሪክ አብሮት ይቀበራል።

ለማን ይስማማል?
ድርድር ለሚወዱ፣ ለአጭር ጨዋታና ለጀማሪ መሪ ቀድሞ መግለጡ ያዋጣል። ማስታወሻ ለሚይዙ፣ በየሳምንቱ ሳይቀሩ ለሚገናኙና ምርመራ ለሚጥማቸው ደብቁት። በየወሩ አንዴ ብቻ የሚገናኝ ቡድን ግን ያለፈውን ፍንጭ ረስቶ ነው የሚመጣው።