ጎልደን ስቴት ወይስ ፓክዌስት?

የካሊፎርኒያ ትንንሽ የክርስቲያን ኮሌጆች ለዓመታት ሲያወጡ ሲያወርዱት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ በጎልደን ስቴት የስፖርት ሊግ መቆየት ወይስ ወደ ፓክዌስት ሊግ መሄድ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልደን ስቴት ኮንፈረንስ (የኮሌጆች ሊግ ማለት ነው) በ1986 በኤንኤአይኤ፣ ማለትም በአብዛኛው ትንንሽ ኮሌጆችን በሚያወዳድር የስፖርት ማኅበር ሥር ተመሠረተ። አባላቱ በብዛት የክርስቲያን ኮሌጆች ስለነበሩ ተጋጣሚህ በእምነትም በመጠንም ይመስልሃል፣ ብዙዎቹም የአንድ ግዛት ጎረቤቶች ነበሩ። ደረጃው ዝቅ ያለ እንዳይመስላችሁ! አዙሳ ፓሲፊክ የተባለው ኮሌጅ እዚያ እያለ የኤንኤአይኤን አጠቃላይ የስፖርት ዋንጫ 8 ዓመት በተከታታይ ወስዷል። ዌስትሞንት ኮሌጅም የ2023ቱን የቤዝቦል ሻምፒዮና አንስቶ ነው የወጣው።

ፓክዌስት ደግሞ በትልቁ የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በኤንሲዳብልኤ ሥር፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን (ምድብ) ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ተጫዋች ለመሳብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሙሉ አባል ለመሆን ዓመታት ይፈጃል፣ ቢያንስ 10 ስፖርት መያዝ ግዴታ ነው፣ በዚያ ላይ ሦስት አባላቱ ሃዋይ ስለሆኑ ቡድንህን በአውሮፕላን ጭነህ ውቅያኖስ ማቋረጥ አለብህ። ለትንሽ ኮሌጅ ይህ ወጪ ያንገዳግዳል።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ሄዱ። ካሊፎርኒያ ባፕቲስት በ2011፣ አዙሳ፣ ፖይንት ሎማና ፍሬስኖ ፓሲፊክ በ2012፣ ባዮላ በ2017፣ ቫንጋርድና ጄሰፕ በ2024። ካሊፎርኒያ ባፕቲስት እንዲያውም በ2018 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በጀቱ ጠባብ ለሆነ ኮሌጅ መቆየቱ ይሻላል፣ የማስተርስና የሆፕ ኢንተርናሽናል ኮሌጆችም ቆይተዋል። ኮንፈረንሱ ራሱ ወደ አሪዞና ሰፍቶ በ2024 ስሙን ግሬት ሳውዝዌስት ብሎታል።