የአርፒኤም ጌጅ ሲዘል ምን ይገዛ? መልቲሜትር፣ ኦቢዲ ወይስ ኦሲሎስኮፕ

ኢግኒሽን (ካንዴላውን የሚያስተኩሰውን ሲስተም) የቀየረ፣ ሞተር ያስለወጠ ወይም አዲስ የሞተር ኮምፒውተር ያስገባ ጓደኛ ሁሉ አንድ ቀን መደወሉ አይቀርም። «የአርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ጌጁ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ የትኛውን ጌጅ ልግዛ?» ይለኛል። «ጌጅ አትግዛ፤ መጀመሪያ ሲግናሉን የምታይበትን ነገር ግዛ» እለዋለሁ። ቀጥሎ «ምኑን?» የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ እዚህ ላይ ልጻፈው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ገንዘብ አውጥቼ ነው። የድሮውን ኢግኒሽን በኤሌክትሮኒክ ከቀየርኩ በኋላ ሞተሩ ከ3500 ዙር ሲያልፍ ቀስቱ በአንዴ 6000 ላይ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ጌጁ ነው አልኩና አዲስ ገዛሁ። ያው ነው። የተሻለ የተባለ ሁለተኛ ገዛሁ። እሱም ያው። ከዚያ ሻጩ «ማጣሪያ ያስፈልገዋል» አለኝ፤ ማጣሪያውንም ገዛሁ። የሦስቱ ዋጋ ሲደመር የአንድ ደህና የእጅ ኦሲሎስኮፕ (የሲግናሉን መልክ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሁለት እጥፍ ነበር። በመጨረሻ ኦሲሎስኮፕ ተዋስኩ። ጥፋቱ በ20 ደቂቃ ተገኘ። የጌጁ የሲግናል ሽቦ ከካንዴላ ገመዶች ጋር አብሮ ታስሯል። ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ደግሞ ከሙዚቃው አምፕሊፋየር ጋር በአንድ የዛገ ብሎን ላይ ነው። ጥገናው አንድ ሜትር ተኩል ሽቦና አንድ አዲስ ብሎን ብቻ ፈጀ።

ስለዚህ አልደብቅም፤ የእኔ ምርጫ ኦሲሎስኮፕ ነው። ሌሎቹ ግን የሚረዱበት ቦታ አለ።

መልቲሜትር ኸርዝ (በሴኮንድ ስንት ፐልስ ማለትም ምት እንደሚመጣ) የሚያነብ ከሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ፐልስ ይሰጣል። በ3000 ዙር 100 ኸርዝ፣ በ6000 ዙር 200 ኸርዝ ማየት አለባችሁ። ባለ 6 በዙር 3፣ ባለ 8 ደግሞ 4 ፐልስ ነው። ቀስቱ ሳይዘል ዝም ብሎ አሳንሶ ካነበበ ነገሩ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ወዳለው ሲስተም ቀይራችሁ ከሆነ አንዱ ኮይል የሚተኩሰው በ2 ዙር አንዴ ብቻ ነው። ሲግናሉን ከእሱ ብቻ ከወሰዳችሁ ለ4 ሲሊንደር የተስተካከለ ጌጅ ሩቡን ያሳያል። ይህን ለመለየት መልቲሜትር ይበቃል።

ማሳ ለመፈተሽም መልቲሜትርን የሚያክል የለም። ሞተሩን አስነሱ፤ መብራቱን ሁሉ አብሩ። ቀዩን ገመድ የጌጁ ማሳ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳውን ጠርጥሩ። የማይችለው የሲግናሉን መልክ ማሳየት ነው። ቁጥሩን አማክሎ ነው የሚሰጣችሁ። በሴኮንድ ውስጥ ሦስት አራት ትርፍ ፐልስ ቢገባ ቁጥሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይነግራችሁም።

ርካሽ መልቲሜትር ስትገዙ እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። የ9 ቮልት ባትሪ ያዙና ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩት። ገመዱን እየገለበጣችሁ ሁለቴ። ደህና ዕቃ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ዜሮ ይጠጋል። አንዱን ጊዜ 20 ቮልት አካባቢ ካሳየ መልሳችሁ ስጡት። ዲናሞው የተቃጠለ ዳዮድ እንዳለው ለማየት ባትሪው ላይ ኤሲ ቮልት ትለካላችሁ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ያጠራጥራል። ያ ዓይነቱ መልቲሜትር ግን ጤነኛውን ዲናሞ የተበላሸ ያስመስለዋል። እኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ዲናሞ ለውጧል። ከመልቲሜትሩ ያተረፈው ገንዘብ ከዲናሞው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ኦቢዲ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚያነበው)፣ በተለይ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው፣ ከሁሉም ርካሽ ነው። የደህና መልቲሜትር ሩብ ዋጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጥቅሙ ችግሩን ለሁለት መክፈሉ ነው። ስልኩ ላይ ያለው አርፒኤም ረግቶ ቀስቱ ከዘለለ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ እስከ ጌጁ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም አብረው ከዘለሉ የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) እና ሽቦውን ተመልከቱ። ከዚህ አልፎ አይሄድም። የድሮ መኪና መሰኪያው የለውም። ከውጭ ተገዝቶ የሚገባ ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ በኦቢዲ አያወራም። ገበያውን የሞላው የኢኤልኤም327 (የኦቢዲ ስካነር ቺፕ) ኮፒ ነው። «ቨርዥን 1.5» የሚለውን ስታዩ ዕወቁት፤ ዋናው አምራች በዚያ ቁጥር ያወጣው ቺፕ የለም። እነዚህ ኮፒዎች ቀርፋፋ ስለሆኑ አጭር ዝላይ በሁለት ንባብ መሃል ያመልጣቸዋል። «ስልኩ ላይ ደህና ነው» ብላችሁ ጌጅ ልትገዙ የምትችሉትም ያኔ ነው።

ወደ ኦሲሎስኮፑ ልምጣ። እዚህ ሲግናሉን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ትርፍ ፐልሱ ከዋናው አጠገብ እንደ እሾህ ቆሞ ይታያል። ሽቦውን በእጃችሁ ከካንዴላ ገመዱ ስታርቁት እሾሁ ሲያንስ ታያላችሁ። ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ ያስገባ ሰው ደግሞ የእሾህ ጫካ ነው የሚያየው። በኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ቢፒአር6ኢኤስ ሬዚስተር አለው፤ ቢፒ6ኢኤስ የለውም። አንዲት «አር» ፊደል ናት ልዩነቱ።

አዲስ ኮምፒውተር ላስገባችሁም መልሱ እዚሁ ነው። ብዙዎቹ የጌጅ መስመሩን ወደ ማሳ መሳብ ብቻ ነው የሚችሉት፤ ወደ 12 ቮልት አያነሱትም። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ታች ከተኛ በ12 ቮልትና በሲግናሉ መሃል የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። የሬዚስተር ዋጋ ከምንም አይቆጠርም። ይህን ያላየ ሰው ግን አዲስ ጌጅ ይገዛል።

ዋጋውስ? ሁለት መንገድ አለ። ዲኤስኦ138 የሚባለው ሰርኪዩት ቦርድ በጣም ርካሽ ነው። 200 ኪሎኸርዝ ያያል፤ ለ200 ኸርዝ ሲግናል ከበቂ በላይ ነው። ግን ኮፒው በዝቷል፤ አምራቹ ራሱ የሐሰተኞቹን መለያ እስከማውጣት ደርሷል። ሽፋን የለውም፤ 9 ቮልት ለብቻው ይፈልጋል፤ ኮፋኖ ሥር ደግሞ ራቁት ቦርድ ብረት ሲነካ ኮርቶ ነው። እኔ የምለው በባትሪ የሚሠራውን፣ መልቲሜትርም አብሮ ያለበትን የእጅ ኦሲሎስኮፕ ነው። የደህና መልቲሜትር ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ለየብቻ ከመግዛት ይሻላል፤ ማሳውንም ይለካላችኋል። ሻጭ ሜጋኸርዝ እየቆጠረ ዋጋ ቢያስወድድ አትስሙት። ያን ገንዘብ ቮልቱን 10 እጥፍ የሚቀንስ ፕሮብ (የመለኪያ ገመድ) ላይ አውሉት።

ፕሮቡ የግድ ነው። የኮይል ኔጌቲቭ 12 ቮልት ይመስላል እንጂ ሲቆረጥ እስከ 300 እና 400 ቮልት ይዘላል። በቀጥታ የገባ ርካሽ ኦሲሎስኮፕ ይቃጠላል። እዚያ ላይ 20 እጥፍ የሚቀንስ ማዳከሚያ ይበልጥ ያስተማምናል። ሲዲአይ ቦክስ (በካፓሲተር የሚሠራ ኢግኒሽን) ካስገባችሁ ኮይሉን ጭራሽ አትንኩ፤ ሲግናሉን ከቦክሱ የጌጅ መውጫ ውሰዱ።

ገንዘቡ ለጊዜው ካልሞላ ኸርዝ የሚያነብ መልቲሜትር ግዙና ኦሲሎስኮፑን ለአንድ ቅዳሜ ተዋሱ። ስትለኩ ጥቁሩን ክሊፕ መጀመሪያ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀጥሎ የጌጁ ማሳ ላይ አድርጉ። እሾሁ በሁለተኛው ብቻ ከታየ ሽቦውን ትታችሁ ብሎኑን ፍቱ።