የእርሻ ድርሻ አባልነት፦ የአንድ የምርት ወቅት ግምገማ

በየሳምንቱ አንድ ቅርጫት አትክልት በሚያስረክብ የእርሻ ድርሻ አገልግሎት ውስጥ አንድ ሙሉ የምርት ወቅት በአባልነት ቆይቻለሁ። አሠራሩ በጃፓን «ቴይኬይ» ተብሎ ከሚታወቀው፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለት እርሻዎች ከጀመሩት፣ በፈረንሳይ ደግሞ ከ2001 ወዲህ «አማፕ» በሚል ስም ከተስፋፋው የአምራችና የሸማች ትስስር ጋር ተመሳሳይ ነው። አባላት ዘር ከመዘራቱ በፊት ይከፍላሉ፤ ምርቱ ሲደርስም ማሳው የሰጠውን፣ ቢበዛም ቢያንስም፣ ይካፈላሉ። በዚህም ምክንያት ገበሬው ወቅቱን በብድር አይጀምርም፤ ምርት ገበያውን ባጥለቀለቀበት ሳምንትም የድካሙን ፍሬ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም።

የክፍያዬን ትርጉም በሚገባ የተረዳሁት በረዶ ከጣለ በኋላ በተረከብሁት ቅርጫት ነው። የሰላጣው ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ቲማቲም ጭራሽ አልነበረም፤ ከሥር ግን አፈር የጋረዳቸው ካሮትና ቀይ ሥር እንደ ወትሮው ሙሉ ነበሩ። እርሻው በአንድ ሰብል ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ የዚያን ሳምንት ቅርጫት ባዶውን ባገኘሁት ነበር። የጎደለውንም ቢሆን ሁላችንም ተካፈልነው እንጂ በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ አልወደቀም።

ለአባላት በተዘጋጀ የጉብኝት ቀን፣ ዝናብ ከጠፋ ሳምንታት ባለፉበት ጊዜ፣ በመደቦቹ ላይ የተነጠፈውን የገለባ ጉዝጓዝ ገለጥ አድርጌ አፈሩን ብነካው እርጥብ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው መተላለፊያ ግን ተሰነጣጥቋል። ጉዝጓዙ ፀሐይን ስለሚከላከል ትነትን ይቀንሳል፤ በየዓመቱ የሚጨመረው ብስባሽም አፈሩ ውሃ የመያዝ አቅሙ እንዲጎለብት ያደርጋል። በየተራ የሚዘሩት ጥራጥሬዎች ደግሞ በሥራቸው ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያስገኙ፣ ዋጋው በየጊዜው የሚዋዥቀው ማዳበሪያ ገበሬውን ያን ያህል አያስጨንቀውም። የወቅቱ በጀት፣ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ሳይቀር፣ ለአባላት ግልጽ መደረጉንም ከልብ አደንቃለሁ።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ክፍያው በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ቤተሰብ በሩን እንኳ ሊያንኳኳ አይችልም። ርክክቡም በሥራ ሰዓት ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ድርሻዬ አምልጦኛል። ለገበሬው ፍትሐዊ የሆነ አሠራር ደሃውን ጎረቤት ከውጭ ካስቀረ ፍትሑ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። በሌሎች ቦታዎች እንደሚደረገው፣ አቅም ያላቸው አባላት ጥቂት ጨምረው እየከፈሉ የሌሎችን ድርሻ መደጎም፣ ክፍያውንም በየወሩ መከፋፈል ይቻላል።

ለሚቀጥለው ወቅት አባልነቴን አድሻለሁ፤ ከክፍያው ጋርም ይህንኑ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።