የፍሬኑን መብራት አጠፉልኝ፣ ፍሬኑን ግን አልሠሩትም

ከቨርጂኒያ ለእረፍት መጥቼ የተጠቀምኩባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። ራይዱ፣ ሲም ካርዱ፣ ያረፍኩበት ፔንሲዮን፣ ምንም አልልም። ስለ ጋራዡ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የሰው ሕይወት ነው።

የወንድሜን ኮሮላ ይዤ ጅማ እናቴ ጋ ልሄድ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ በደከመ ፍሬን አይሞከርም። የፊት ፍሬን ሸራው አልቆ ይፏጭ ስለነበር አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ግቢ ያለው ጋራዥ አስገባሁት። ሸራውን ቀየሩ፣ የግራው ካሊፐር (ሸራውን የሚጫነው ክፍል) ጎሚኒም ተበላሽቷል ብለው እሱንም ቀየሩ። ከፍዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ቀዩ የፍሬን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መኪናው ሲታጠፍ ይበራል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይበራል፣ ሜዳ ላይ ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑ እስከ ታች ወርዷል። ይዤ ተመለስኩ።

«እህቴ፣ አታስቢ፣ ሴንሰር ነው» አለኝ ኃላፊው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት! በኮምፒውተር ይታይ ተባለ፣ 2,000 ብር። ከዚያ ሴንሰሩ መቀየር አለበት ተባለ፣ ከነእጅ ዋጋው 7,500 ብር። የሚሠራው ልጅ ምሳ ወጥቷል፣ ዕቃው ከሶማሌ ተራ እየመጣ ነው፣ አሁን ይደርሳል፣ ትንሽ ጠብቂ። እንዲህ ሲሉኝ መሸ። ገብቼ ልይ ስል ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም አሉኝ። አሮጌውን ሴንሰር ስጡኝ ስል ተጥሏል። ደረሰኝ ስል ደግሞ «በቫት ከሆነ ይጨምርብሻል፣ ለምን ትጎጃለሽ?» እኔ ቨርጂኒያ የምሄድበት ጋራዥ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ያስፈርመኛል፤ አሮጌውን ዕቃ ስጠይቅ አውጥቶ ያሳየኛል። አገሬ ላይ፣ በገዛ ቋንቋዬ እየጠየቅኩ፣ እንደ ማላውቅ ሰው መታየቴ ከገንዘቡ በላይ አቃጠለኝ።

መብራቱ ግን ጠፍቷል። ይዤ ወጣሁ።

ጥቂት ሳይቆይ ሳሪስ መንገድ ላይ ፔዳሉ ስረግጠው ወደ ታች መስመጥ ጀመረ። በዝግታ ዳር አስያዝኩት። ወንድሜ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ይዞልኝ መጣ። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ይቺን ሽቦ ማን ነቀላት?» ብለው ነው።

የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ የምትሰካው ሽቦ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። አዲስ ሴንሰር የሚባል ነገር የለም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ዘይቱ ሲቀንስ መብራቱን ያበራል፤ የእኔው መኪና ላይ ሽቦው ከተነቀለ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅም መብራቱ አይበራም። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት ይሄን ነው። መኪናው እንዳይናገር አፉን ዘግተው 9,500 ብር ተቀበሉኝ። በዚያ ፍሬን ጊቤን ልወርድ ነበር።

ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ነበር። ጋሼ የግራውን ጎማ ሲፈቱ ውስጡ ርሷል። የጋራዡ ሰዎች ጎሚኒውን ሲቀይሩ የፍሬን ጎማ ቧንቧውን ፈትተው፣ ሲመልሱት አሮጌዎቹን የመዳብ ሮንዴላዎች መልሰው አስገብተዋል፤ በዚያ በኩል ያንጠባጥባል። ጋሼ ሮንዴላዎቹን ቀየሩ፣ ዘይት ሞሉ፣ ረዳታቸው ፔዳሉን እየረገጠ አየሩን አስወጡ፣ ሽቦዋን ሰኩ። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን በደንብ አስረግጠውኝ፣ በካርቶን እያዩ ጠብታ አለመኖሩን አረጋገጡ። ሁሉንም ፊቴ ነው የሠሩት። የጠየቁኝ 1,200 ብር ከነዘይቱ። እግዜር ይስጣቸው።

ያስረዱኝን ለናንተም ልንገራችሁ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ይላል፤ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ይመለሳል፣ ዘይቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ አዲስ ሸራ አስገብታችሁ ዘይቱ ከቀነሰ፣ ወይ ሲሠሩ ቀንሰውት አልመለሱትም ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ሞልተው «ሂዱ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ አራቱም ጎማ ይታይ። መብራቱ ሳይጠፋ የሚቆይ ከሆነና ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ስዊች ይታይ፤ እጀታው በደንብ ካልወረደ መብራቱን ይይዘዋል። ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎማው አጠገብ ያለች ሽቦ ሥራው ላይ ተነክታ ነው። ቀዩና ቢጫው አብረው ከበሩ ግን አትንዱት፣ አስጎትቱት።

ገንዘቤን ለማስመለስ ጋራዡ ሄጄ ነበር። ኃላፊው «ሽቦው በመንገድ ተነቅሎ ይሆናል» አለኝ። ያ መሰኪያ በእጅ ተጭነው ካልፈቱት አይወጣም፤ ጋሼ አሳይተውኛል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ደረሰኝ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ እነሱ ደረሰኝ የማይሰጡት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። በቴሌብር የከፈልኩበት መልእክት ስልኬ ላይ አለ፤ ወንድሜ እሱን ይዞ ንግድ ቢሮ አቤት ሊል ነው።