ሁለት ዛፍ የወጣችው የደብሊን ልጅ

ከዋናው ፖስታ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የሚሄድ ሰው፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ሱቅ ያገኛል። ያገለገሉ ካሴቶች፣ ሲዲዎችና ዲቪዲዎች ይሸጡባታል። ባለፈው ቅዳሜ ሴልቲክ ውማን የተባለውን የአየርላንድ ቡድን የመጀመሪያ ኮንሰርት በዲቪዲ የገዛሁት ከዚያ ነው። ስለ ሱቁም ስለ ዲቪዲውም የምለው አለኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በውስጡ ስለምትዘፍነው ልጅ፣ ስለ ክሎይ አግኒው።

ባለ ሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሳያስሞክሩ አይሸጡም። ዲቪዲውን ከማኅደሩ አውጥተው ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አዩት። ከመሃሉ ወደ ጠርዙ በለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት፤ ዙሪያውን እያዞሩ መጥረግ እንደሚጎዳው እግረ መንገዳቸውን ነገሩኝ። ከዚያም በትንሿ ቴሌቪዥን መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን አጫወቱልኝ። «እዚህ ላይ ትንሽ ይይዘዋል፤ አይተሽ ውሰጂው ልጄ» አሉኝ። ጭረቱን ራሳቸው ባያሳዩኝ ኖሮ ልብ አልለውም ነበር። ከ350 ብሩ ላይ ሳልጠይቃቸው 50 ብር ቀነሱልኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ሲገኝ ሊነገርለት ይገባል።

የድምፅ አስተማሪ ነኝ። አምስት ልጃገረዶች ማክሰኞና ሐሙስ አራት ኪሎ አጠገብ ባለች ክፍል ከእኔ ጋር ይለማመዳሉ። የሁሉም ታናሽ የሆነችው የ16 ዓመቷ ልጅ ብቻዋን ነጠላ ዜማ እንድትሠራ ተጠየቀች። ጓደኞቿ አኮረፉ። እሷም ጥፋት የሠራች ይመስል፣ ልምምድ ላይ ድምፅዋን ቀንሳ መዝፈን ጀመረች።

ይህ ነገር እኔንም ያመኛል። በ19 ዓመቴ የአንድ ኦርኬስትራ አባል ነበርኩ። መሪያችን በዘመድ ሠርግ ላይ ብቻዬን መዝፈኔን ሰማ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎ በጓደኞቼ ፊት አስመረጠኝ። ኦርኬስትራውን መረጥኩ። ብቻዬን የመቆም ድፍረቱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ ሁለቱንም ዛፍ የወጣች ሴት ለልጆቼ ማሳየት ፈለግኩ፤ ክሎይ አግኒውን ያገኘሁት በዚህ ፍለጋ ነው።

ክሎይ በ1989 ደብሊን ውስጥ ተወለደች፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናቷ አዴል ኪንግ በአየርላንድ መድረክ የታወቀች አርቲስት ናት፤ አባቷ ዴቪድ አግኒው ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወታል። የመጀመሪያ የግል አልበሟ የወጣው በ2002 ነው። ቡድኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው! ዴቪድ ዳውንስ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኖ አራት ድምፃውያትንና አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች አሰባሰበ፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2004 ደብሊን በሚገኘው ሄሊክስ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጡ። ለአንድ ምሽት ብቻ የታሰበ ዝግጅት ነበር። ክሎይ 15 ዓመቷ ነበር፤ ከሁሉም ታናሽ። ሁለተኛው የግል አልበሟም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትመስል ለመስማት አቬ ማሪያን ስትዘምር ማየት ይበቃል። ቃሉ ላቲን ቢሆንም ለጆሯችን ባዕድ አይደለም፤ መልአኩ ለድንግል ያቀረበው ሰላምታ፣ የእኛው «ሰላም ለኪ» ነው። ድምፅዋን አታንቀጠቅጠውም። ትንፋሿ ከሐረጉ ቀድሞ አያልቅባትም። ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ስትደርስ አትጮኽም፤ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ እንደሚገባ ሰው ትገባበታለች። ይህችን ቦታ አራት ጊዜ መልሼ ሰማኋት።

ሁሉም በአንድ ላይ ሲዘፍኑ ደግሞ ያንን ድምፅ ለይቼ ለማውጣት ተቸገርኩ። እዚያው አለች፤ ግን ከሌሎቹ ሥር ገብታ ትሸከማቸዋለች እንጂ በላያቸው አትወጣም። ስታወርድ አውራጅ፣ ስትቀበል ተቀባይ ናት። የግል አልበም ያላት ልጅ እንዲህ አድርጋ መቀበሏ ነው የገረመኝ። ብቻውን መቆም የለመደ ድምፃዊ ለመቀበል ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል፤ በክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነው።

ለነገሩ የእኛም አገር ታሪክ መሪዬን አይደግፈውም። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ሳለ ሰው የሚወደውና የሚጠራው በራሱ ስም ነበር። ያን ጊዜ ይህን የመመለስ አፍ አልነበረኝም።

የዲቪዲው ጉድለት ድምፁ ላይ ነው። ማስተጋባቱ በዝቷል፤ በአዳራሽ የተዘፈነው ሁሉ በዋሻ ውስጥ የተዘፈነ እስኪመስል ድረስ ተለስልሷል። ለተማሪ ደግሞ የሚጠቅመው ሻካራው ነው፤ ትንፋሽ የሚሳብበት ቦታ መሰማት ነበረበት። በጆሮ ማዳመጫ ከሰማችሁት ትንሽ ይሻላል። ቫዮሊን ተጫዋቿ ማይሬድ ኔዝቢት ግን እየተጫወተች መድረኩን የምትዞርበት ሁኔታ ብቻውን የዲቪዲውን ዋጋ ይመልሳል።

ክሎይ እስከ 2013 ከቡድኑ ጋር ቆይታ የግል ሥራዋን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ለልጆቹ አሳየኋቸው። ጭረቱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ጥቂት ቆሞ ቀጠለ፤ ማንም አላጉረመረመም። ታናሿ ጉልበቷን አቅፋ ስታይ ቆየችና፣ «እትዬ፣ ሌሎቹ አላኮረፏትም?» አለችኝ። የቤታቸውን ጉዳይ እንደማላውቅ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል አብረው መዝፈናቸውን ግን እንደማውቅ ነገርኳት። ከኋላዋ የተቀመጡት ሦስቱ ዝም አሉ። ዲቪዲውን በየተራ ቤታቸው ወስደው እንዲያዩት ፈቀድኩ፤ ቀድማ እጇን ዘርግታ የተቀበለችኝ፣ ካኮረፉት ሁሉ ይበልጥ አኩርፋ የነበረችው ትልቋ ናት።