የውሻና የድመት ጆሮ ማሳከም ደሴ ላይ፦ ሰኞ ግን አትሂዱ

ድመቴ ሚጡ ጆሮዋን መቧጨር የጀመረችው ከጥምቀት በኋላ ነው። ቁንጫ ነው ብዬ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ ውሻዬ ቦቢም ጭንቅላቱን ያራግፍ ጀመር። ሌሊት ጆሮው ጠፍ ጠፍ ሲል እንቅልፍ የለም። የሚጡን ጆሮ ገልበጥ አድርጌ ሳየው ውስጡ ጥቁር ነው፤ ልክ የበረካ አተላ። ጎረቤቴ እማማ "አብሽሪ፣ ለጋ ቅቤ አሙቂና ጠብ አድርጊላት" አሉኝ። አደረግሁ። ባሰባት።

ቀጥሎ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ገባሁ። ሻጩ ምንም ሳያይ ለበግ የሚወጋ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት አወጣና "ትንሽ ትንሽ ስጫቸው" አለኝ። ትንሽ ስንት ነው? እሱም አያውቅም። ትቼው ወጣሁ። ኋላ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ የሚሰጠው በእንስሳው ኪሎ ተለክቶ ነው፤ እንደ ኮሊ ያሉ የውሻ ዝርያዎችን ደግሞ ሊመርዝ ይችላል።

መጨረሻ ላይ የሄድኩባት ክሊኒክ ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ደጇ ላይ የሚሰለፈው በግና በሬ ስለሆነ ድመት በካርቶን ይዤ ስቆም ገበሬዎቹ ሳቁብኝ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ሚጡን በፎጣ ጠቀለላትና መጀመሪያ ታምቡሯን በመብራት አየ። ታምቡሩ ከተቀደደ አንዳንዱ ጠብታ ጭራሽ ሊያደነቁር ይችላል። ከዚያ አተላውን በጥጥ አውጥቶ ጥቁር ወረቀት ላይ አራገፈው።

"ነይ እይው።"

ነጫጭ ነጥቦች ይሄዳሉ! ሰውነቴን በላኝ። የጆሮ ተባዮች ናቸው። ድመት ላይ ይበዛሉ፣ አብሯት ለሚተኛ ውሻም ይተላለፋሉ።

የቦቢ ጆሮ ግን ሌላ ጉድ ነው። ቡናማና ቅባታም፣ ሽታው የኮመጠጠ ሊጥ። በማይክሮስኮፕ ሲያየው እርሾ የሚመስል ፈንገስ አገኘበት። ለዚህ የተባይ መድኃኒት አይሠራም፤ የራሱ ጠብታ አለው። የተባዩንም ግን ለሁለቱም ሰጠ፣ አንዱ ለሌላው መልሶ እንዳያጋባ። ይህን ክሊኒክ የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ያከካሉ ብሎ አንድ መድኃኒት አላሸከመኝም።

አጠባውንም እጄን ይዞ አሳየኝ። የውሻ ጆሮ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ እንደሚሉት እንደ ክርን የታጠፈ ቧንቧ። ስለዚህ በእንጨት ጥጥ መጎርጎር ቆሻሻውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ማጠቢያውን ትሞያለሽ፣ የጆሮውን ሥር ጩቅ ጩቅ እስኪል ታሺያለሽ፣ ራሱ ያራግፈው። የወጣውን ጣትሽ እስከደረሰበት ብቻ በጥጥ ትጠርጊያለሽ። (ስታሹት ፊታችሁን አርቁ። እኔ አልሰማሁም፣ ነጠላዬ አሁንም ይሸታል።)

ሚጡ በሳምንቷ ማከክ ተወች። እኔም መድኃኒቱን ላቆም ነበር። ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ተባዩ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና 3 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ቀድሞ ያቆመ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ዋጋው? ለሁለቱም ከአንድ ኪሎ ቡና ብዙም አልበለጠም። የሚያናድደው ስልክ አለማንሳታቸው ነው። ቀጠሮ የሚባል ነገርም የለም። ሰኞ ደግሞ ገበያ ነው፤ ከበጉ ሁሉ ኋላ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ፣ ቦቢም አንዱን ጠቦት ሊነክስ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ረቡዕ ጠዋት ሂዱ፤ እኔ ስሄድ ሰው አልነበረም።